ሰበታ ደህና ነው ያልኩበት ቀን

ጡረታ በወጣሁበት ቀን የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች አበባ ባለው ወረቀት የተጠቀለለ ሰፊ ጠፍጣፋ ነገር አሸከሙኝ። የቅዱስ ሥዕል መስሎኝ ነበር፤ ለጡረተኛ ሌላ ምን ይሰጣል? "ክፈቺው! ክፈቺው!" ብለው ጮሁ። ወረቀቱን ስቀደው ከመስታወቱ ሥር ብቅ ያለው የድሮው የመቆጣጠሪያ ስክሪናችን ፎቶ ነው። ሱሉልታ፣ ደህና። ቡራዩ፣ ደህና። ሰበታ፣ ደህና። ሦስቱም አረንጓዴ ናቸው። ከላይ ጥጉ ላይ ቀንና ሰዓት አለ። ሰዓቱ ስምንት ከአሥር ይላል። ቀኑን ሳየው ክው አልኩ።

"ከድሮ ፋይሎች ውስጥ ሦስቱም አረንጓዴ የሆኑበትን መርጬ ነው ያሳተምኩት" አለችኝ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ፣ ደስ ብሏት። ያን ቀን ገና አልተቀጠረችም ነበር፤ ከየት ታውቀዋለች? እንባዬ ሲወርድ አጨበጨቡልኝ። የደስታ መሰላቸው። እኔ ግን ሃያ ምናምን ዓመት ከሠራሁት ሁሉ መርጠው፣ ልረሳው ያልቻልኩትን አንዱን ሰዓት በመስታወት አድርገው እንደሰጡኝ ለማን ልናገር? ፍሬሙን ታቅፌ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ቤቴ ቡራዩ ነው።

ሥራዬ ምን እንደሆነ ለሰፈር ሰው አስረድቼ አላውቅም። ኮምፒውተር ሲሉ ሰምተው የተበላሸ ሞባይል ያመጡልኛል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ድርጅታችን የወንዞችን ሙላት ያሰላ ነበር፤ ክረምት ሲገባ የቱ ወንዝ የት ድረስ እንደሚወጣ። ስሌቱ ለአንድ ማሽን አይቻልም። ስለዚህ ሥራው ይቆራረጥና ሱሉልታ፣ ሰበታና ቡራዩ ባሉት ሦስት አዳራሾቻችን ውስጥ ለተደረደሩት ማሽኖች ይከፋፈላል፤ ሲያልቅ እንደገና ይገጣጠማል። በሙያው ግሪድ ይባላል። ለምን በሦስት ከተማ ሆነ ብትሉኝ፣ መብራት ነዋ! ሰበታ ሲጠፋ ሱሉልታ ይኖራል፤ ሱሉልታ ሲጠፋ ቡራዩ ይኖር ይሆናል። ሥራው መብራት ወዳለበት ይዞራል።

ይህ እንዲሆን ግን የትኛው አዳራሽ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ያቺ ሰው እኔ ነበርኩ። ሱሉልታ በጸሐፊነት ገባሁ፤ ብርዱ ጣቴን አድርቆ ፊደል ያሳስተኝ ነበር። ቀጥሎ ሰበታ ሁለት ዓመት ማሽን ጠበቅሁ። ከዚያ ቡራዩ ዋናው ክፍል ተዛወርኩ፤ የደረጃ እድገቱ ደብዳቤ ከእኔ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ሙያውን ያስተማሩኝ ኦቦ ድሪባ ናቸው። የሱሉልታ ገበሬ ልጅ፣ ድሮ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ የነበሩ፣ ቀጭን፣ ኮታቸውን በክረምትም በበጋም የማያወልቁ ሰው።

ኦቦ ድሪባ አንድ የሚያስቀን ልማድ ነበራቸው፤ ሁሉ ነገር ላይ ሰዓት ይጽፋሉ። የምሳ ዕቃቸው ክዳን ላይ "ሁለት ሰዓት ተቋጠረ" የሚል ቁራጭ ወረቀት ይለጥፋሉ። ወደ አዳራሾቹ ሲደውሉ ደግሞ ሰላምታውን ሳይቸኩሉ ያደርሱታል። "አካም ጅርታ? ልጆቹስ? ከብቶቹስ?" ከወዲያ "ነጋ፣ ፈያ፣ ደህና" እየተባለ ይመለሳል። ሲጨርሱ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "እሺ፣ ሰላምታው አለቀ። አሁን ምን አየህ? ስንት ሰዓት ላይ አየኸው?" ይላሉ።

አንድ ቀን ለምን እንደዚህ እንደሚሉ ጠየቅኋቸው።

"የኔ ልጅ፣ ማዞሪያ ላይ ሳለሁ የሰው ወሬ በጆሮዬ ሲያልፍ ኖሯል" አሉኝ። "ልጁ የሞተበት ሰው ሲደወልለት መጀመሪያ ምን ይላል? ደህና ነው የሚለው። መርዶውን ከዚያ በኋላ ነው የሚነግርሽ። በኦሮምኛም ፈያ፣ በአማርኛም ደህና፤ ይሄ ሰላምታ ነው እንጂ መልስ አይደለም። መዝገብ ላይ እንዳትጽፊው።"

ሳቅሁ። መዝገቡን ስሠራ ግን ጻፍኩት።

መዝገቡ እንዲህ ነበር። እያንዳንዱ አዳራሽ የራሱን ሰንጠረዥ ይይዛል፤ በየአምስት ደቂቃው አንድ ረድፍ ይጨምራል። የቦታው ስም፣ የሚሠሩ ማሽኖች ብዛት፣ ሙቀቱ፣ መብራቱ፣ ሁኔታው፣ የተጻፈበት ሰዓት። እኔ ቡራዩ ቁጭ ብዬ ስጠይቅ ግን ሦስቱም እንደ አንድ ትልቅ ሰንጠረዥ ሆነው ይመልሱልኛል። ያ ትልቁ ሰንጠረዥ የትም የለም። ጠያቂው አንድ መዝገብ ያየ ይመስለዋል፤ ረድፎቹ ያሉት በየከተማቸው ነው፤ እኛ ጋ የሚቀረው የደረሱን ረድፎች ቅጂ ብቻ ነው። ይህ ሐሳብ ሲገባኝ ከደስታ ብዛት ወንበሬ ላይ ዞርኩ። በተለይ ውበቱ በሁለት መንገድ መጠየቅ መቻሉ ነው። "አሁን ያለው ምንድን ነው?" ስትሉት ከየቦታው የመጨረሻዋን ረድፍ ብቻ ያመጣል። "የነበረው ምንድን ነው?" ስትሉት ታሪኩን በሙሉ ከነሰዓቱ ይዘረግፋል። ትልቁ ስክሪን የሚጠይቀው "አሁን ያለውን" ብቻ ነበር።

ኦቦ ድሪባ ንድፉን አይተው አንድ ነገር ብቻ አሉ። "ረድፉ ሲጻፍ የሚያበቃበትን ሰዓት ይዞ ይጻፍ። አሥር ደቂቃ ካለፈው ከስክሪኑ ይውረድ። ባዶውን ባዶ ተዪው፣ አትሙዪው።" እንዳሉት አደረግሁ። ችግሩ መስመሩ ይንቀራፈፍ ስለነበር ስክሪኑ ላይ ነጭ ቦታ በዛ። ሱሉልታ ነጭ፣ ቆይቶ አረንጓዴ፣ ቆይቶ ነጭ። አለቃችን አቶ ከፈለኝ እንግዳ ማስጎብኘት የሚወዱ ሰው ነበሩ። "ወይዘሮ ሙሉ፣ ይሄ ነጭ ነገር እንግዳ ፊት ያሳፍራል። የሚሠራ ነገር አይመስልም" አሉኝ። እኔም ሥራዬ ሲነቀፍ አልወድም፤ ደሜ ፈላ። አንድ ሐሙስ ከሰዓት ቁጭ ብዬ የማብቂያውን ሰዓት አወጣሁት። አዲስ ረድፍ እስኪመጣ የመጨረሻዋ ባለችበት ትቆያለች። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆነ። አቶ ከፈለኝ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። ለኦቦ ድሪባ አልነገርኳቸውም፤ ያን ጊዜ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ቀርቷቸው የዓመት ፈቃዳቸውን እየጨረሱ ነበር።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ነገር መጣ። ከተሞቻችን ከአዲስ አበባ ጋር በአንድ ፕላን ሊያያዙ ነው ተባለ፤ ገበሬው መሬቴ ሄደ አለ፤ ወጣቱ መንገድ ላይ ወጣ። የኦቦ ድሪባ ወንድም እርሻም ፕላኑ ካረፈበት መሬት ላይ ነበር። ቢሮ ውስጥ ግን ማንም ስለዚህ ጮክ ብሎ አያወራም፤ ሚኒባስ ውስጥም ሰው ቋንቋውን መርጦ ነበር ሰላም የሚለው። የሞባይል ኢንተርኔት ይጠፋል፣ መንገድ በድንጋይ ይዘጋል፣ ይከፈታል። የእኛ አዳራሾች በራሳቸው አንቴና ስለሚገናኙ ረድፎቹ ይመጡ ነበር። እንዲያውም ኮርቼበታለሁ። አገር ሁሉ ወሬ አጥቶ እኔ ሦስት ከተማ ከፊቴ ይታየኛል!

በዚያ ሰሞን ሰበታን የሚጠብቀው ማርቆስ ነበር። ከከምባታ የመጣ፣ ጸሎት የሚያዘወትር፣ ማሽኖቹን በስማቸው የሚጠራ ጎበዝ ቴክኒሻን። ባለቤቱ ለምለም፣ ዓለም ገና ከተማ ተከራይተው በሚኖሩበት ቤት ነበረች። በእግር ከተኬደ ከሰበታው አዳራሽ አይርቅም።

ያን ቀን ጠዋት የሰበታ መንገድ ተዘጋ። ጥበቃው መግባት አልቻለም፤ ማርቆስ ብቻውን ነበር። ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለልኝ።

"እትዬ ሙሉ፣ ይቅርታ፣ ለምለም ነኝ፣ የማርቆስ ባለቤት። ስልኩ አልሠራ አለኝ። ወደዚያ በኩል ጭስ ይታያል። በእርሻው በኩል በእግሬ ልሂድ ወይስ ልተው?"

ቀና ብዬ ስክሪኑን አየሁ። ሰበታ፣ ደህና። አረንጓዴ። ጥጉ ላይ ሰዓቱ ስምንት ከአሥር ይላል።

"የትም እንዳትሄጂ" አልኳት። "ፊት ለፊቴ ይታየኛል። ሰበታ ደህና ነው።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"እያየሁት እኮ ነው የኔ እህት! ባትሪ ዘግቶበት ይሆናል። መንገድ ስለተዘጋም እዚያው ያድራል፤ አታስቢ።"

"ተመስገን" አለችና ዘጋች። ስክሪኑን በዚያች ደቂቃ ፎቶ አስቀረሁት። አገር በተናወጠበት ቀን ሦስቱም ደህና መሆናቸውን ለአቶ ከፈለኝ ላሳያቸው ብዬ። እንግዲህ የስጦታዬ ፎቶ ያ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ለምለም ናት። ድምፅዋን አላወቅሁትም። "ደህና ነው ብለውኝ ነበር እኮ" አለች። ይህን ብቻ አለች። ከጀርባዋ ሰው ይጮኻል፣ ጋሪ ይንቋቋል።

ማርቆስ መስመሩ ሲቆራረጥበት አንቴናውን ሊያስተካክል ጣሪያ ላይ ወጥቶ ነበር። ረድፎቹ ለእኔ እንዲደርሱ ብሎ! ቆርቆሮው ከድቶት በግንቡና በጄኔሬተሩ ቤት መሃል ወደቀ። ቀኝ እግሩ ተሰብሮ አጥንቱ ወጣ፤ ስልኩ ደቀቀ። ጩኸቱን የሰማው የለም። ለምለም ጠዋትም ስልኩ አልሠራ ሲላት ከሁለት የጸሎት ጓደኞቿ ጋር በእርሻው አቋርጣ ሄዳ አገኘችው። በጋሪ ጭነውት ሲመጡ መንገድ የዘጉት ልጆች አይተው "ከራ በና! መንገድ እንክፈት!" እየተባባሉ ድንጋዩን በእጃቸው እንዳነሡላቸውና ጋሪውን እንደገፉላቸው በኋላ ነገረችኝ። ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ "ትናንት ቢመጣ ኖሮ" አለ። እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ትናንት ትመጣለት ነበር። ለመሄድ ተነሥታ ነበር። ያስቀረኋት እኔ ነኝ።

ኦቦ ድሪባ ፈቃዳቸውን ትተው ከሱሉልታ ግማሹን መንገድ በእግራቸው መጡ። ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ኮታቸውን እንደለበሱ ከአጠገቤ ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ "በይ፣ የነበረውን ጠይቂው" አሉኝ።

ጠየቅሁት። ከሰበታ የደረሱን ረድፎች ከነሰዓታቸው ተዘረዘሩ። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ አንድ ከአምስት፣ አንድ ከአሥር፣ ሳይዛነፉ ይወርዳሉ። የመጨረሻዋ አምስት ከሃያ ላይ ነበረች። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ለምለም ስትደውል ሰበታ ድምፁ ከጠፋ ወደ ሦስት ሰዓት ሊጠጋ ነበር። መልሱ ማሽናችን ውስጥ ነበር፤ አንድ መስመር ጥያቄ ብቻ ነው ያጎደልኩት። ጥጉ ላይ ያየሁት ሰዓትም የቡራዩ ማሽን የራሱ ሰዓት ነው እንጂ የረድፉ አይደለም። ይህን እኔው ሠርቼው፣ እኔው ተታለልኩ!

"ማብቂያውን ማን አወጣው?" አሉ።

"እኔ።"

"እኔ ደግሞ ሳላይ ቀረሁ" አሉና ከደረት ኪሳቸው እርሳስ አውጥተው ሰጡኝ። "እንጀምር።"

ያን ሳምንት "ሁኔታ" የሚለውን ዓምድ ከሦስቱም ሰንጠረዥ ሰረዝነው። ደህና የሚል ቃል ከዚያ ወዲህ እኛ ስክሪን ላይ አልታየም። በምትኩ "አምስት ከሃያ ላይ ተሰማ" ይላል። አሥር ደቂቃ ካለፈ "አናውቅም" ይላል፣ ነጭ ሆኖ። አቶ ከፈለኝ ነጩን አይተው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ኦቦ ድሪባ ዞር ብለው አዩአቸው፤ መልሰው ዘጉት። ከዚያ በኋላ ብዙ ሠራሁ፤ ብዙ ጎርፍ ከመድረሱ በፊት ተናግረናል። ኦቦ ድሪባም አረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። እኔ ግን እስካሁን ሰው "ደህና ነኝ" ሲለኝ "ስንት ሰዓት ላይ?" ልለው ይቃጣኛል።

ከማርቆስ ጋር አልተቆራረጥንም። ሰው ሠራሽ እግር ተገጥሞለት ጥቂት ዓመት ቡራዩ ከእኔ ጋር ሠራ። ከዚያ ዓለም ገና የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ከፈተ። ለምለም ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስታገኘኝ "ደህና ነዎት?" ትለኛለች፤ "ደህና" እላታለሁ፤ በዚያው ያበቃል።

ፍሬሙን ሦስት ቀን አልጋዬ ሥር ደበቅሁት። በአራተኛው ቀን ይዤው ዓለም ገና ወረድኩ። ሁለቱም ሱቁ ውስጥ ነበሩ። ማርቆስ ፎቶውን አይቶ ወዲያው አወቀውና ፊቱ ተለወጠ። ለምለም ጉልበቷ ላይ አድርጋ መነጽሯን አስተካከለች።

"ያን ቀን ያዩት ይሄንን ነው?"

"ይሄንኑ ነው።"

"አረንጓዴ ነዋ።" በጣቷ ሰበታ የሚለውን ዳሰሰችው። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቷል። "እኔኮ እስከ ዛሬ ስልኩን ለመዝጋት ብለው የነገሩኝ ነበር የመሰለኝ። ሰው እንዲሁ ደህና እንደሚለው። ይኸው ማሽኑ ራሱ ብሎዎታል። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው። ይቅር ይበሉኝ እትዬ ሙሉ፣ በልቤ ይዤብዎት ነበር።"

እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ! እኔን! ማርቆስ ከጀርባዋ ሆኖ ራሱን ነቀነቀብኝ፤ ተዪው፣ በዚሁ ይለፍ ማለቱ ነው። የማብቂያውን ሰዓት ያወጣሁት እኔ መሆኔን ለእርሱ የነገርኩት ገና ሆስፒታል ሳለ ነበር። ለእርሷ እንዳልነገራት ገባኝ። ዝም ብል በዚያችው ደቂቃ ነጻ ነበርኩ።

"ማሽኑ አይደለም ለምለም" አልኳት። "ስክሪኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። ወሬ ሲጠፋ ባዶ ይሁን ብለው ኦቦ ድሪባ ነግረውኝ ነበር። አለቃዬ ነጭ ቦታ ስለማይወዱ፣ እኔም መነቀፍ ስለማልወድ፣ ባዶውን ሞላሁት። ደህና ያልኩሽ እኔ ነኝ። ያን ጊዜም እኔ፣ አሁንም እኔ።"

ወደ ባሏ ዞረች። "ታውቅ ነበር?"

"አውቃለሁ" አለ።

ውጭ ባጃጅ ጡሩምባ እየነፋ አለፈ። ለምለም እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች፣ ፍሬሙን ገለበጠች፣ የጀርባውን ቁልፎች አንድ በአንድ ከፈተች፣ ፎቶውን ከመስታወቱ አውጥታ ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው። ከዚያ እስክሪብቶ ገፋችልኝ።

"ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማው ስንት ሰዓት ነበር?"

"አምስት ከሃያ።"

"ይጻፉት።"

ሰበታ ከሚለው አጠገብ ጻፍኩት።

"ከዚያ በኋላስ?"

"ከዚያ በኋላ... አናውቅም።"

"እሱንም ይጻፉ።"

ጻፍኩት። ደህና የሚለውን ራሷ በእስክሪብቶ ሰረዘችው፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ፎቶውን መልሳ መስታወቱ ውስጥ ከተተችና፣ ለእኔ ሳትመልስልኝ፣ ከሱቋ ግድግዳ ላይ ባዶ ምስማር መፈለግ ጀመረች።